ሦስት መብረቅ በአንድ ሰማይ

በአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ፣ በሚኖር ወዳጄ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በግራው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ በቀኙ የልጁ የምረቃ ፎቶግራፍ አለ። መካከለኛውን ያነሣው ወዳጄ ራሱ ነው፤ በአንድ የሐምሌ ምሽት፣ ዝናቡ ሳይደርስ፣ ከቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ። ቁመቱ 333 ጫማ የሆነው የጆርጅ ዋሽንግተን ሜሶናዊ መታሰቢያ ግንብ በኮረብታው ላይ ይታያል፤ ከበላዩ ሦስት መብረቆች እንደ ዛፍ ሥር ተበታትነው በአንድነት ይወርዳሉ። «እንዴት አየኸው?» አለኝ። «ድንቅ ነው» አልሁት። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን በችኮላ የሰጠሁትን መልስ ለማረም የተጻፈ ነው።

ለሥራው የሚገባውን ክብር በመስጠት ልጀምር። መብረቅን አይቶ መዝጊያውን ለመጫን የሚሞክር ሰው ዘወትር ይዘገያል፤ ዓይን ከመብረቅ በኋላ፣ ጣትም ከዓይን በኋላ ነውና። ስለዚህ አንሺው ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያጸናል፤ ሌንሱን ወደ ሩቅ ያስተካክላል፤ መዝጊያውንም ለ20 ወይም ለ30 ሴኮንድ ክፍት ትቶ ይጠብቃል። ጨለማው በምስሉ ላይ ብዙም የሚጽፈው ነገር የለም፤ መብረቁ ግን በመጣ ጊዜ ራሱን በራሱ ይጽፋል። አንድ ቢመጣ አንድ፣ ሦስት ቢመጣ ሦስት ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ወዳጄ ያነሣው ቅጽበትን ሳይሆን ግማሽ ደቂቃን ነው። ሦስቱ በየተራ እንደ መጡ እርሱው ነግሮኛል። አብረው የወረዱበት ሰማይ በዚያ ምሽት በአሌክሳንድርያ አልነበረም።

ካሜራና መብረቅ ሲገናኙ ግን ሐቅን ለማገልገል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ዊልያም ጄኒንግስ የተባለ የፊላደልፊያ ሰው ከቀደምቶቹ የመብረቅ ፎቶግራፎች አንዱን አነሣ። በዘመኑ ሠዓሊያን መብረቅን እንደ መጋዝ ጥርስ እየሰበሩ ይሥሉት ነበር፤ እኛም በልጅነታችን በደብተራችን ጠርዝ የሣልነው ያንኑ ነው። የጄኒንግስ ምስሎች መብረቅ እንደ ወንዝና እንደ ገባሮቹ የሚከፋፈልና የሚቀጥን መሆኑን አሳዩ። ያን ጊዜ ካሜራው ዓይንን አረመ። ዛሬ በየሳሎናችን የሚሰቀለው የመብረቅ ምስል ምን ያርማል? ጥያቄዬ ይህ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልተር ደ ማሪያ በኒው ሜክሲኮ ደረቅ ሜዳ ላይ፣ አንድ ማይል በአንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ስፍራ፣ 400 የማይዝጉ የብረት ምሰሶዎችን ተከለ፤ ሥራውንም «የመብረቅ ሜዳ» አለው። ይህ ሥራ በዓለም የታወቀው በአብዛኛው ጆን ክሊት ባነሣቸው ፎቶግራፎች ሲሆን፣ በእነርሱ ላይ ሰማዩ ከምሰሶዎቹ በላይ ይንቦገቦጋል። ወደ ስፍራው ሄዶ የሚያድር ጎብኚ ግን ብዙውን ጊዜ መብረቅ ሳያይ ይመለሳል። የሚያየው ንጋትንና ምሽትን፣ በብረቱ ላይ የሚያርፈውንና ከብረቱ የሚጠፋውን ብርሃን ነው። ሥራው የመጠበቅ ሥራ ነው፤ ፎቶግራፉ ግን መጠበቁን ጥሎ ሽልማቱን ብቻ አስቀረ። የወዳጄም ምስል ጉድለት ይኸው ይመስለኛል።

እኔም በበኩሌ ሞክሬአለሁ። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዬ አብራኝ በኖረችባቸው ዓመታት፣ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር መብራት ታጠፋለች፤ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ትነቅላለች፤ የፊት መስተዋቱን በነጠላ ትሸፍናለች። «ዝም በል፣ እየተናገረ ነው» ትለኝ ነበር። ለእርሷ ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ልጆቻችን ግን ክረምት የሚሉት በረዶ የሚወርድበትን ጊዜ ነው። በዚህ አገር የእናቴን ክረምት የሚመልስላት ይህ የበጋ ነጎድጓድ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 በዋሽንግተን ሙቀቱ 104 ዲግሪ ፋራናይት ደረሰ። ማታ፣ ደሬቾ የሚባለው፣ ከመካከለኛው ምዕራብ ተነሥቶ በመቶ የሚቆጠሩ ማይሎችን ያቋረጠ ኃይለኛ ነፋስና ነጎድጓድ ደረሰብን። በአካባቢው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ ብዙ ቤቶችም ለቀናት በጨለማ ቆዩ። ሰማዩ ያለ ዕረፍት ሲበርቅ ካሜራዬን ከተዘጋው መስኮት ወደ ውስጥ አቁሜ ነበር። ያገኘሁት ምስል በሙያው መለኪያ የወደቀ ነው፦ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፤ መብረቅ የሚባል መስመር የለበትም። በመስኮቱ መስተዋት ላይ ግን እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሻማ ይዛ፣ ከበስተኋላዬ ቆማ ትታያለች። እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ከማውቃቸው የመብረቅ ምስሎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ የቆምንበትን ቦታና የፈራነውን ፍርሃት ይናገራልና።

ፍርሃቱ ደግሞ የአሮጊት ፍርሃት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2022፣ ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ባለው የላፋየት አደባባይ፣ ዛፍ አጠገብ የነበሩ አራት ሰዎችን መብረቅ መታ፤ ሦስቱ ሞቱ። ብርሃኑን አይቶ ድምፁ እስኪደርስ የሚቆጥር ሰው ለየሦስቱ ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ያሰላል፤ ነጎድጓዱ ከተሰማው ግን መብረቁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ነው፤ በረንዳም መጠለያ አይሆነውም። በቋንቋችን መብረቅ ይበርቃል፣ ይወርዳል፣ ይጮኻልም። በሳሎኑ ምስል ላይ የተረፈው መብረቁ ብቻ ነው፤ ጩኸቱ ቀርቷል። ድምፅ የሌለው መብረቅ ደግሞ ጌጥ ነው።

ነገሩን ከፎቶግራፍ ባሳልፈው አንባቢ ይቅር ይበለኝ። በስደት የምንጽፍ ሰዎች መዝጊያውን ክፍት ትተን የምንኖር ነን። በእኛ አቆጣጠር የ1966ን፣ የ1970ን፣ የ1997ን መብረቅ በአንድ ሰማይ ላይ እንደርባለን፤ ሲደራረብም ድንቅ ምስል ይወጣዋል። በመካከላቸው ያለው ዘመን፣ ሰው የዘራበትና ያጨደበት፣ ልጁን የዳረበት፣ ነገ ይሻል ይሆናል እያለ የጠበቀበት ዘመን፣ በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እዚህ ተወልዶ አገሩን በዚህ ምስል ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ኢትዮጵያ መብረቅ ሳያባራባት የምትኖር ምድር ትመስለዋለች። የጻፍነው አንዱም ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ መብረቆቹ ሁሉ ወርደዋል። ያልነገርነው በየተራ መውረዳቸውን ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በስልክ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «አንድ በአንድ ሲታዩ እኮ ትንንሽ ነበሩ» አለኝ። መልሱ ቅን ነው፤ የተቺንም ኩራት ይቀንሳል። ብቻውን ሲታይ የሚያንስ ነገር ከሌላው ጋር መቆም ይፈልጋል፤ የእኛም ሐዘን እንደዚያው ነው። ስለዚህ ምስሉን አውርደው አላልሁትም። ከግርጌው አንድ መስመር እንዲጽፍበት ብቻ ለመንሁት፦ ሦስት መብረቆች፣ በ30 ሴኮንድ፣ ከቤቴ በረንዳ።

ባለፈው እሑድ ቡና ልጠጣ ስሄድ ፎቶግራፉ በቦታው ነበር። ከግርጌው ያልሁትን ሁሉ አልጻፈም። በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «በየተራ» የሚል ቃል አየሁ። ለእኔ ይበቃኛል።