ኔትወርክ ያገናኛል፤ ግን ማንን ከማን?

«ቴክኖሎጂ ዓለምን አንድ መንደር አደረጋት» የሚለውን አባባል ስንቴ ሰምታችኋል? ሐሳቡን ያስተዋወቀው ካናዳዊው ምሁር ማርሻል ማክሉሃን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ። ያኔ ሞባይልም ኢንተርኔትም አልነበረም። ዛሬ አባባሉ የማስታወቂያና የስብሰባ ማድመቂያ ሆኗል፤ እውነት መሆኑን የሚጠይቅ ግን ብዙም አይታይም። እስቲ እኛ ከሚሴ ወስደን እንፈትሸው።

ከሚሴ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። ልጇ ጅዳ ያለች አንዲት እናት አስቡ፤ ፊደል አልቆጠረችም እንበል። ኦሮምኛ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ለእሷ ሁለቱም ያው ናቸው። የኢሞ ጥሪ ግን ማንበብን አይጠይቅም። የልጇን ፊት ታያለች፣ ከስታ እንደሆነ ወዲያው ታውቃለች። ድሮ ቢሆን በሰው እጅ የተላከ ደብዳቤ ወይም በካሴት የተቀዳ ድምፅ ስንት ጊዜ ያስጠብቃት ነበር! ይሄ ማንም ሊያናንቀው የማይገባ ጥቅም ነው።

ግን ልብ በሉ፦ ስልኩ እዚህ ያቀራረበው ድሮም የተሳሰሩ ሰዎችን ነው። ዝምድናውን አልፈጠረውም፤ ያለውን አጠበቀው እንጂ። ጥብቅ ዝምድና ደግሞ ለክፉም ይውላል። በየመን መንገድ ላይ ስደተኛ አግተው ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች የሚደውሉት በዚሁ ስልክ፣ ለዚችው እናት ነው። የሚተማመኑትም በእናት አንጀት ነው።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ አንድ ቁም ነገር አስረድቷል። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት በአብዛኛው እኛው የምናውቀውን ነው። አዲስ መረጃ፣ አዲስ የሥራ ዕድል የሚመጣው ከላላ ትውውቅ ነው። ሁለት የተለያዩ ማኅበረሰቦችን እንደ ድልድይ የሚያገናኘውም ይኸው የላላ ትስስር ነው።

ታዲያ በዞኑ ይህን ድልድይ የሚሠራው ምንድን ነው? የባቲን የሰኞ ገበያ ተመልከቱ። አፋሩ ግመልና ፍየሉን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ይመጣል። ገዥና ሻጭ በቋንቋ ላይግባቡ ይችላሉ። ግን አንዱ የሌላው ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ሰኞ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ ያጭበረበረ ሰው የሚቀጥለው ሳምንት ይታወቃል። መተማመን የሚበቅለው እንዲህ ካለው መደጋገም ነው። የስልካችሁን የእውቂያ ዝርዝር ብታዩት ግን አብዛኛው ቀድማችሁ የምታውቁት፣ እናንተን የሚመስል ሰው ነው፤ አይደል?

ይህ ልዩነት በሰላም ጊዜ ቀላል ይመስላል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። መንገድና ገበያ ሲዘጋ ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚሰማው ከራሱ ወገን ስልክ ብቻ ይሆናል። ወሬውን ሄዶ የሚያጣራ፣ «ኧረ እኔ እዚያው ነበርኩ» የሚል ገበያተኛ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 126,000 ያህል በትዊተር የተሰራጩ ወሬዎችን መርምሮ፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ በፍጥነትም በስፋትም እንደሚዛመት አሳይቷል። ዋናዎቹ አሰራጮች ደግሞ ሮቦቶች ሳይሆኑ ሰዎች ነበሩ።

«እንግዲያው ቢዘጋ ይሻላል» የሚል ካለ፣ እሱንም አይተነዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። ወሬ ለመሄድ የግድ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በተራ ስልክም በአፍም ይሄዳል። የጅዳዋ ልጅ ፊት ግን ያለ ኢንተርኔት አይታይም። መዝጋት የስልኩን ድካም ሳይፈውስ ጥቅሙን ይወስዳል።

ስለዚህ የዲጂታል ግንኙነትን ዋጋ በደንበኞች ብዛት ብቻ መለካት ይቅርብን። ሩቅ ላለ ዘመድ ስልኩ መተኪያ የለውም፤ መቆረጥ የለበትም። ቅርብ ላለ፣ ግን ለማናውቀው ጎረቤት የሚያስፈልገው ክፍት መንገድና የሚያገበያይ ገበያ ነው። ስንት ሰው መስመር ላይ እንደገባ ሲነገራችሁ፣ ገበያውስ ስንቱን ጎረቤት እያገናኘ እንደሆነ ጠይቁ።