ሆኪንግ ሂልስ በሁለት ሰው ሚዛን

በእኛ ዘንድ ድንኳን ሲባል ሰርግ ወይም ለቅሶ ነው የሚታሰበን። «ቤት እያለ ሜዳ ማደር የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የምንለውም ለዚሁ ይመስለኛል። ከኮሎምበስ በ33 ቁጥር መንገድ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስነዳው ሆኪንግ ሂልስ ግን ይህን አባባል ያፈርሰዋል። በዚያ የሚገኘው «አሽ ኬቭ»፣ ማለትም የአመድ ዋሻ፣ ስሙን ያገኘው የመጀመሪያዎቹ ነጭ ሰፋሪዎች ካዩት የአመድ ክምር ነው፤ ከእነሱ በፊት የአገሩ ተወላጆች ያነደዱት እሳት ቅሪት እንደሆነ ይታመናል።

ጉድለት የለውም አልልም። በፖስት ካርድ የሚታየው ፏፏቴ የኤፕሪል ነው፤ በኦገስት ጠብታ ብቻ ሊጠብቅዎ ይችላል። ቅዳሜና እሁድ ሕዝብ ይበዛል። ሙቅ ገንዳ ያላቸው የኪራይ ጎጆዎች ኪስ ያራቁታሉ። የኦሃዮ ነዋሪ ግን ለመግቢያ አይከፍልም፤ ለማደርም የፓርኩ የድንኳን ቦታ ለሁለት ሰው ይበቃል።

የእኔ ሚዛን ከውበቱ ያልፋል። ብዙዎቻችን ባል ሌሊት፣ ሚስት ቀን እየሠራን በር ላይ የምንተላለፍ ነን። ታዲያ 213 ሜትር ያህል በተዘረጋው በዚያ ዋሻ ጥላ ሥር፣ ሁለት ሰዎች የታክሲ ሜትር ሳይቆጥርባቸው ጨዋታቸውን ይጨርሳሉ? ይጨርሳሉ። ማክሰኞ ይሂዱ፤ ስንቅዎን ከቤት ይያዙ።