ሶፊያና ፋይ

በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጣችውን ሮቦት ሶፊያን ታስታውሷታላችሁ፤ ከሶፍትዌሯ የተወሰነውን የሠሩት የከተማችን የአይኮግ ላብስ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቤን ጎርዘልና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያውያንም አሉባቸው፣ የእንዲህ ያለውን ሥርዓት ንቃተ ኅሊና በቁጥር ለመለካት የሞከሩበትን ጥናት አወጡ። ማንበብ ይጠቅማል፤ ርእሱ ግን ከውስጡ ይገዝፋል።

መለኪያው ጁሊዮ ቶኖኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረበው «ፋይ» ነው። የካሜራ ነጥቦች ብዙ መረጃ ይይዛሉ፤ ቢነጣጠሉ ግን የሚጎድል የለም፣ አንዱ ከሌላው አይገናኝምና። አእምሮ ሲከፈል ይጎድላል። የጉድለቱ መጠን ፋይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ መንደሮች ሲፈርሱ ሰዉ በሕይወት እያለ ጉርብትናው ሲበተን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያሻውም። ያለቀሱት ግን እናቶቻችን ናቸው እንጂ መንደሩ አይደለም! መያያዝ ብቻውን ያለቅሳል?

ስኮት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ2014 ቀላል የሎጂክ መረብ ከሰው የበለጠ ፋይ ሊኖረው እንደሚችል አሳየ። ቶኖኒ አልሸሸም፤ ተቀበለው።

ጥናቱ የለካው ፕሮግራሙ አጭር ጽሑፍ ሲያነብና ሰውን ወደ ጥሞና የሚመራ ውይይት ሲያካሂድ ትኩረቱ የሚዘዋወርበትን መንገድ ነው። ቶኖኒ ራሱ ግን ፋይ የሚፈለገው በግዑዙ ማሽን ውስጥ እንጂ በፕሮግራሙ ውስጥ አይደለም ባይ ነው፤ ተራ ኮምፒውተርም የቱንም ያህል ቢራቀቅ ንቁ አይሆንም ይላል። የሰውዬውን ሚዛን ተውሰው እርሱ በማይመዝንበት ቦታ መዘኑበት። ከፍ ዝቅ ያለው ቁጥር ለመሐንዲስ ይጠቅማል፤ በክፍል «ሶፊያ ነፍስ አላት?» ለሚሉኝ ልጆች ግን ገና ምንም አልመለሰም።