ዋርካ በሸክላ ገበቴ

በጣሊያን አገር፣ ከሚላኖ አጠገብ በምትገኘው በፓራቢያጎ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተከፈተ የክሬስፒ የቦንሳይ ሙዚየም አለ። ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራው አንድ የዋርካ ወገን የሆነ የሐሩር አገር ዛፍ ነው። ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል ሲሆን ዕድሜው እንደ ሙዚየሙ አነጋገር ከ1000 ዓመት በላይ ነው። ተመልካቹ በቅድሚያ የሚደነቀው በዚህ ቁጥር ነው። የእኛም ክርክር ከቁጥሩ ጋር እንጂ ከዛፉ ጋር አይደለም።

ቦንሳይ የሚለው የጃፓንኛ ቃል ትርጉሙ በዝርግ ዕቃ የተተከለ ማለት ነው። ስለሆነም ይህን የሚያህል ዛፍ ቦንሳይ ሊባል አይገባም የሚሉ ወገኖች መለኪያውን ስተዋል። የጥበቡ ቁም ነገር መጠንን ማዛመድ ነው፤ ግንዱ ከቅርንጫፉ፣ ቅርንጫፉ ከቅጠሉ፣ ሁሉም ከገበቴው ጋር ተመዛዝኖ ሜዳ ላይ የቆመ ታላቅ ዛፍ በዓይነ ኅሊና ሲታይ ሥራው ሠምሯል ይባላል። ትልቅ ሥራ ደግሞ ከትንሹ ይልቅ ስሕተትን አይሸሽግም። በመዳፍ በሚያዝ ዛፍ ላይ የማይታይ የገረዛ ጠባሳ እንዲህ ባለው ግንድ ላይ ከሩቅ ይታያል።

ወደ ዕድሜው እንመለስ። ክረምትና በጋ በጉልህ በማይለዩባቸው የሐሩር አገሮች የዛፍ ቀለበት አስተማማኝ የዓመት መቁጠሪያ አይሆንም። ከዚህም በላይ የዚህ ወገን ግንድ ብዙውን ጊዜ አንድ ግንድ አይደለም፤ ከቅርንጫፍ የሚወርዱ ሥሮች መሬት ነክተው ይወፍራሉ፣ እርስ በርሳቸውም ተጣብቀው አንድ አካል ይሆናሉ። አትክልተኞች ይህን ባሕርይ ዐውቀው ችግኞችን አስጠግተው ያጣብቃሉ፤ መሬት ላይ አወፍረው ይቆርጣሉ፤ እንደገናም እንዲያቆጠቁጡ ያደርጋሉ። በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ፒርስ በሚገኘው የሂትኮት የአትክልት ሥፍራ የሚታዩት የጄምስ ስሚዝ ዛፎች ከመቶ ይበልጣሉ፤ የሺህ ዓመት ማዕረግ ሳያስፈልጋቸው ያስደምማሉ። ቁጥሩ ብቻ ሲጎላ፣ ውኃ ያጠጡ፣ የገረዙ፣ ሽቦ ያሰሩ፣ ስማቸው ያልተመዘገበ አትክልተኞች ላብ የተፈጥሮ ተአምር ተብሎ ይታለፋል።

ዛፉ ራሱስ? ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሐሩር ዛፍ ጥድ እንዲመስል ሲገደድ መኖሩ ነው፤ ቅርንጫፉ በሽቦ ወደ ታች ይጎተታል፣ አናቱ ይሾላል፣ ወራጅ ሥሮቹም እንደ ነውር ይቆረጣሉ። ቅርጹ ከአንድ አገር፣ ይዘቱ ከሌላ አገር ይመጣና ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ዋርካ ሥር ሸንጎ ሲቀመጥ ያየ የአገራችን አንባቢ የዚህ ወገን ግርማ ወደ ጎን በመዘርጋት እንጂ ወደ ላይ በመሾል አለመሆኑን ያውቃል። የፓራቢያጎው ዛፍ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ሥሮቹ እንደ ገመድ ተጠላልፈው፣ ግንዱ የት እንደሚጀምር እስኪያጠራጥር ድረስ፣ ራሳቸውን ሆነው ቀርተዋል። በእኔ ዓይን ከላይ ያለው ቅጠል በክብ በክብ መከርከሙ ለሥሮቹ ድፍረት አይመጥንም፤ ታች የተባለው ላይ አልተደገመም።

ግርማን ከእርጅና ጋር ማምታታት ግን ከሂስ ጉድለት ያለፈ ጉዳት አለው። በኢንዶኔዥያ ሳንቲጊ፣ በፊሊፒንስ ባንቲጌ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ዛፍ በኮራል ዐለት ላይ፣ በጨው ነፋስ እየተጠማዘዘ በዝግታ ያድጋል። እንደ ዋርካ ወገን በፍጥነት ሊወፍር ስለማይችል፣ አሮጌ ግንድ የሚሻ ሰብሳቢ ከዳርቻው ይነቅለዋል። ፊሊፒንስ ይህን ዛፍ በሕግ ትጠብቀዋለች፤ ይሁን እንጂ ሽልማቱ ለጥንታዊ ግንድ እስከ ሆነ ድረስ መንቃዩ አይጠፋም። የኤግዚቢሽን ዳኞች ከዕድሜው በፊት ዛፉ ከየት እንደ መጣ፣ ማንስ እንዳሳደገው ይጠይቁ፤ መልሱም ከዛፉ ስም አጠገብ ይጻፍ።