የትንፋሽ ፕሮቲንና የሳንባ ካንሰር፦ ልዩነት ማግኘት ቀድሞ መለየት ነውን?

የሳንባ ካንሰር በአብዛኛው የሚታወቀው ከተሰራጨ በኋላ በመሆኑ፣ በሽታውን ቀድሞ የሚለይ ቀላል ምርመራ ለማግኘት የሚደረገው ጥረት አልተቋረጠም። ከቀረቡት ዘዴዎች አንዱ ተመርማሪው ወደ ቀዘቀዘ ቱቦ እንዲተነፍስ በማድረግ፣ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ ሲለወጥ በውስጡ የሚገኙትን ፕሮቲኖች መተንተን ነው። ዘዴው ሕመም የለውም፤ ደጋግሞ ለመሥራትም ያመቻል።

የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት የ192 ሰዎችን ናሙና መርምሯል። ተሳታፊዎቹ ጤነኞች፣ አጫሾች፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ያለባቸውና የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ነበሩ። በማስ ስፔክትሮሜትሪ ከ300 በላይ ፕሮቲኖች ተለይተዋል። ካንሰርን ከጤነኞች ጋር ብቻ ሳይሆን ከአጫሾችና ከሌላ የሳንባ በሽታ ጋር ማነጻጸሩ የሚመሰገን ነው።

ይሁንና ሦስት ጉዳዮች ጥንቃቄን ይሻሉ። አንደኛ፣ ፈሳሹ ከ99 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ የፕሮቲኑ መጠን እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከቆዳ የሚመጣ ኬራቲን ወይም ጥቂት ምራቅ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ሁለተኛ፣ ካንሰራቸው አስቀድሞ በታወቀ ታማሚዎች ላይ የተገኘ ልዩነት፣ ምልክት ባልታየበት ሰው ላይም ይገኛል ማለት አይደለም። ይህን የሚያረጋግጠው ሰዎችን ከመታመማቸው በፊት ጀምሮ የሚከታተል ጥናት ብቻ ነው። ሦስተኛው የስሌት ጉዳይ ነው። ከ1,000 ተመርማሪዎች 10ሩ ካንሰር ቢኖርባቸውና ምርመራው ከታማሚዎችም ከጤነኞችም 90 በመቶውን በትክክል ቢለይ፣ 9 ታማሚዎች ሲገኙ 99 ጤነኞች በከንቱ ይሰጋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከ53 ሺህ በላይ ሰዎችን በማሳተፍ፣ በአነስተኛ ጨረር የሚሠራ ሲቲ ስካን ከደረት ራጅ ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር የሚሞቱትን በ20 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በዚያም ቢሆን አጠራጣሪ ሆኖ ከተገኘው የሲቲ ስካን ውጤት 96 በመቶው ካንሰር አልነበረም። ይሁን እንጂ ሲቲ ስካን ሞትን መቀነሱ ተመስክሮለታል፤ የ2017ቱ የትንፋሽ ጥናት ግን ይህን ሊመልስ በሚችል መንገድ አልተዘጋጀም።

የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋባት ኢትዮጵያ ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሳል። የሳንባ ብግነት በራሱ የትንፋሽን ፕሮቲን ሊለውጥ ስለሚችል፣ የነቀርሳ ታማሚዎች ያልተካተቱበትን ንጽጽር እንዳለ መውሰድ አያስተማምንም።

እንግዲህ የትንፋሽ ፕሮቲን ትንተና ተስፋ የሚጣልበት የምርምር መስክ እንጂ ለክሊኒክ የበቃ ምርመራ አይደለም። ደም የቀላቀለ አክታ ያለው ወይም ሳሉ አልለቅ ያለው ታማሚ የአክታ ምርመራ፣ ራጅ፣ ሲቲ ስካንና እንዳስፈላጊነቱ ባዮፕሲ ሳይዘገይ ሊደረግለት ይገባል።