የአምቡላንስ ሠራተኛ የሥራ ቦታና ጤናው

የአምቡላንስ ሠራተኛ የሥራ ቦታ የሚንቀሳቀስ ጠባብ ክፍል ነው። በጉራጌ ከተሞች ወልቂጤና ቡታጅራ ዙሪያ ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የላንድክሩዘር የኋላ ክፍል ነው፤ መኪናው ለመንገዱ የተመረጠ እንጂ ውስጡ ለሚሠራው ሰው የታሰበ አይደለም።

የጅማው አስፋልት ወልቂጤን፣ የሆሳዕናው ደግሞ ቡታጅራን አቋርጦ ያልፋል። ምጥ የያዛት እናት ግን ብዙ ጊዜ የምትገኘው ከአስፋልቱ ርቃ፣ በኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። ከወልቂጤ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወረድ ቆላው ያቃጥላል፤ ወደ ጉመር ሲወጣ ደጋው ያንቀጠቅጣል። መንገጫገጩ የሹፌሩን ወገብ ይጎዳል፤ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ታካሚውን በአንድ እጁ የደገፈው ነርስ ወይም አዋላጅ ግን የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ቀበቶ አስሮ መሥራት አይችልምና።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው የአየሩ ጉዳይ ነው። በበጋ መስኮት ከተከፈተ አቧራ ይገባል፤ ከተዘጋ ሠራተኛው ከሚያስል ታካሚ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳል። ኢትዮጵያ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከከፋባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የኋላ በር ጎማው ሲያልቅ አቧራውና የጭስ ማውጫው ጭስ ተስቦ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። መላው ቀላል ነው፦ የበሩን ጎማ መቀየር፣ በሹፌሩና በኋላው ክፍል መካከል ያለውን መስኮት መዝጋት፣ በኋላው ክፍል ውስጥም አየር ከፊት በኩል ገብቶ በኋላ እንዲወጣ ማድረግ፣ ለሚያስል ታካሚም ማስክ መስጠት።

ከወሊድ ጉዞ በኋላ ወለሉ ደም ይሆናል። በረኪና ደምን አያጥብም፤ መጀመሪያ ውኃና ሳሙና፣ ከዚያ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውህድ ያስፈልጋል፤ በሩም ወለል ብሎ መከፈት አለበት፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የበረኪና ሽታ ራሱ ሳንባን ይለበልባል። ችግሩ ውኃው ነው። ወልቂጤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነዋሪዎቿ በውኃ እጦት ምክንያት ለተቃውሞ አደባባይ የወጡባት ከተማ ናት። ሰው የሚጠጣው ባጣበት ቀን መኪና የሚታጠበው ከየት ተቀድቶ ነው? ስለዚህ በመኪና ማቆሚያው የውኃ ታንከር መኖሩ የኢንፌክሽን መከላከያ እንጂ ቅንጦት አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ለነርስ ብቻ ሳይሆን ቃሬዛ ለሚያነሣው ሹፌርም ሊሰጥ ይገባል።

ሳይረን ጆሮን ይጎዳል፤ በገጠር መንገድ ግን ብዙም ስለማይነፋ ከእንቅልፍ ማጣት ያነሰ ጣጣ ነው። አንድ ሹፌር ሌትም ቀንም ስልኩን እየጠበቀ የሚያድር ከሆነ በሌሊት ጭቃ ላይ ማሽከርከሩ ለታካሚውም ያስፈራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኛ ዕረፍትና ጤናማ የሥራ አካባቢ መብት መሆኑን ይደነግጋል። እዚህ ላይ በወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ልምድ ይጠቅማል። ሆስፒታሉ አስጊ እርግዝና ያለባቸውን እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ ተቀብሎ የሚያቆይበት ማረፊያ ለዓመታት አገልግሏል። የማረፊያው ስም የሚነሣው የእናቶችን ሞት በመቀነሱ ነው፤ የእኩለ ሌሊቱን ጉዞ ወደ ቀን በማዞሩ ግን የአምቡላንስ ሠራተኛውንም ይጠብቃል።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የአምቡላንስ በጀት ሲይዙ ከነዳጅና ከጎማ ጎን የሁለተኛ ሹፌር ደመወዝና የማጠቢያ ውኃ ወጪ ያስገቡ።