ፎቶግራፍ ማረሚያው ሲታደስ፣ ትምህርቱስ?

ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቲያትርና ስለ ሥዕል ሒስ መጻፍ በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ በእጁ ይዞት ስለሚውለው የሥራ መሣሪያ ግን እምብዛም አይጻፍም። ይሁን እንጂ መሣሪያም እንደ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ሌላ ነገር ደግሞ ያስረሳል። በዚህ ጽሑፍ የሚተቹት የፎቶግራፍ ማረሚያ ሶፍትዌሮች፣ በተለይም ፎቶሾፕና ጊምፕ ናቸው። ከእነርሱም ይልቅ ጠበቅ ያለ ሒስ የሚያስፈልገው እነርሱን ለማስተማር በየቦታው የተለመደው ዘዴ ነው።

ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለመመልከት የናይሮቢው ኢስትሊ ጥሩ ቦታ ነው። ይህ ሰፈር ከ1991 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሶማሊያ ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ ቤት ወደ ሱቆች መደብር ከተለወጠ በኋላ ደግሞ በአካባቢው አገሮች ሁሉ የታወቀ ገበያ ሆኗል። ኢትዮጵያውያንም ለብዙ ዓመታት ኖረውበታል፤ ነግደውበታል፤ ወደ ሌላ አገር ለመሻገርም ወረቀት ሲጠባበቁ ዕድሜ አሳልፈውበታል። ወረቀት ለሚጠባበቅ ሰው ጉርድ ፎቶግራፍ ተራ ነገር አይደለም፤ ፎርም በተሞላ ቁጥር ይጠየቃል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰፈር ፎቶ ቤት እንደ ዳቦ ቤት ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ ማረም የቻለ ወጣትም እንጀራ ያገኝበታል።

እንጀራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ መመሪያ ለብዙ ዓመታት የጠየቀው ፎቶግራፍ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ከ600 ፒክስል የማያንስ፣ ክብደቱ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ ነበር። የራስ ቁመትም ከጠቅላላው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መሆን ነበረበት። መልክን የሚለውጥ እርማት ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነበር። ከዚህ የወጣ ፎቶግራፍ ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችል ነበር። እንግዲህ አራሚው ሲሳሳት የሚጎዳው ፎቶግራፉ ብቻ አይደለም።

ወደ ሶፍትዌሩ እንመለስ። ፎቶሾፕን የጀመሩት ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1990 ለገበያ አቀረበው። በ1994 በወጣው ሦስተኛው እትም ሌየር የሚባለው አሠራር ገባ። ሌየር ማለት በካርታ ላይ እንደሚነጠፍ ብርሃን አሳላፊ ስስ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተሠራው ሁሉ ከሥሩ ያለውን ካርታ አያበላሽም። ለብዙ ዓመታት በዚህ ሶፍትዌር የሠለጠነ ሰው ሁሉ የለመደው ሌላም ነገር አለ። ይኸውም ፎቶግራፍ ሲያሳድግ ወይም ሲያሳንስ የወርዱና የቁመቱ ምጥጥን እንዳይዛባ የሺፍትን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። በጥቅምት 2018 በወጣው እትም ኩባንያው ይህንን ገለበጠው። ቁልፉን ሳይነኩ ሲጎትቱት ምጥጥኑ ይጠበቃል፤ ቁልፉን ሲጫኑ ይዛባል።

ዘመድ ለመጠየቅ ናይሮቢ በሄድሁ ጊዜ በኢስትሊ በአንድ ፎቶ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ ከአሮጌው እትም ወደ አዲሱ ገና መሸጋገሩ ነው። አጠገቡ አንድ ደብተር አለ፤ በደብተሩም «ሺፍት ያዝ፤ ጥጉን ጎትት፤ ልቀቅ» የሚሉ ትእዛዞች በተራ ቁጥር ተጽፈዋል። እንደ ደብተሩ አደረገ። የታተመውን ጉርድ የተቀበሉት እናት አገላብጠው አዩትና፣

«ልጄ፣ ይኼ የኔ ፊት ነው እንዴ?» አሉት።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይጠብቁኝ» አለ።

ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ጣቱ ከቁልፉ ላይ ሲነሣ ፊቱ ተስተካከለለት። ተሳካለት፤ ለምን እንደ ተሳካለት ግን አላወቀም። በደብተሩ ላይ ትእዛዝ እንጂ ምክንያት አልተጻፈም። ሲሳሳትም ሲሳካለትም ምንም ያልተማረው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ደብተሩን የሞላበት የእጅ ጽሕፈት ትጉህ መሆኑን ይመሰክራል። ያጎደለበት ያሠለጠነው ትምህርት ነው። «ፊት ሲመጠን ወርዱና ቁመቱ በእኩል መጠን ይለወጣሉ» የሚለውን ቢያውቅ ኖሮ፣ የትኛው ቁልፍ ያንን እንደሚያደርግ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባገኘው ነበር።

በሶፍትዌሩ ላይ ፍርድ ስንሰጥ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። ለውጡ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ምጥጥን እንዲጠበቅለት ነውና። አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ይመልስ የነበረው የመሰረዣ ትእዛዝ በዚያው እትም ደረጃ በደረጃ እንዲመልስ መደረጉም መልካም ነው። ነገር ግን የብዙ ዓመት የእጅ ልማድን በአንድ ሌሊት መገልበጥ በሌላው ሰው ሥራ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ኩባንያው ራሱ በኋላ ወደ ጥንቱ አሠራር የሚመልስ ምርጫ መጨመሩ ይህንኑ ያሳያል።

ከዚህ የከበደው ነቀፋ የዋጋው ነው። በ2012 የወጣው ሲኤስ6 አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለሁልጊዜ የሚያዝ የመጨረሻው ፎቶሾፕ ሆነ። ከ2013 ጀምሮ አዳዲሶቹ እትሞች የሚገኙት በኪራይ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ መሣሪያውም ይዘጋል። ቋሚ ገቢ ለሌለው ፎቶ ቤት ይህ ከባድ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙዎች ቁልፉ የተሰበረ የስርቆሽ ቅጂ ይጭናሉ፤ ከቅጂውም ጋር ቫይረስ ይጭናሉ።

ጊምፕ በዚህ በኩል ምስጋና ይገባዋል። በ1995 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በሁለት ተማሪዎች ተጀምሮ፣ እስከ ዛሬ በነፃ የሚታደል ነው። በመጋቢት 2025 የወጣው 3.0 እትም በፎቶግራፍ ላይ የተጨመረውን ማጣሪያ በኋላ ተመልሶ ለማስተካከል ያስችላል። ይሁን እንጂ ለማተሚያ ቤት በሚያስፈልገው የአራት ቀለም አሠራር ከፎቶሾፕ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ጀማሪውንም የሚያስቸግርበት አለ። ከ2012 ጀምሮ «አስቀምጥ» የሚለው ትእዛዝ የሚያስቀምጠው በራሱ በጊምፕ ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ ጄፔግ ለማውጣት ሌላ ትእዛዝ አለ። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። ምክንያቱ ሲገለጽለት ግን ምሬቱ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ሌየሮቹን እንደ ተለያዩ ይጠብቃል፤ ጄፔግ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ፣ ከምስሉም ጥራት ቀንሶ ነው የሚያወጣው።

የአማርኛ ጽሕፈትም ሌላ ፈተና አለበት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፊደሎች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ተደርበው የተቀመጡ ነበሩ። በዚያ አሠራር የተዘጋጀ የሠርግ ካርድ ፊደሉ ባልተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ የሙሽሮቹ ስም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ኮተት ሆኖ ይወጣል። እዚህም ላይ ጥፋቱን በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ መጣል ይቀናል። ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር እንደሚቀመጥ የተማረ ሰው ግን ችግሩ የት እንዳለ ያውቃል።

የመጨረሻው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። ፎቶግራፍ ማረም በኮምፒውተር አልተጀመረም። በፊልም ዘመን ፎቶ አንሺ በሾለ እርሳስ ኔጋቲቩን ይነካካ ነበር። በኔጋቲቭ ላይ የጠቆረው ሲታተም ነጣ ስለሚል፣ የፊት መጨማደድ በዚህ ይለሰልስ ነበር። ልዩነቱ የድካሙ ነው። ያ ሥራ የሠለጠነ እጅና ብዙ ሰዓት ይጠይቅ ስለነበር ሠሪው እያሰበ ይሠራ ነበር። በ2023 ወደ ፎቶሾፕ የገባው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን በጥቂት ቃል ትእዛዝ ያልነበረውን ልብስ ያለብሳል፤ ያልነበረውን ጀርባ ያቆማል። ለሠርግ አልበም ባለቤቱ እስከ ወደደው ድረስ ይሁን። ለጉርድ ፎቶግራፍ ግን የሰውን ቆዳ ማንጣት፣ አፍንጫ ማቅጠን፣ ጠባሳ ማጥፋት ሰውዬውን ከራሱ ወረቀት ጋር ማጣላት ነው። ይህንን ልዩነት ሶፍትዌሩ አያስተምርም፤ ሊያስተምር የሚችለው መምህር ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ነገሩ ያለው በአያያዙ ላይ ነው። አንደኛ፣ ትምህርቱ ከቁልፍ ሳይሆን ከስሌት ይጀመር። 35 በ45 ሚሊሜትር የሆነ ጉርድ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ቢታተም 413 በ531 ፒክስል ያህል ይፈልጋል፤ ይህንን የሒሳብ መምህር በክፍል ውስጥ በጠመኔ ሊያሠራው ይችላል። በስልክ ተልኮ የመጣ ወርዱ 400 ፒክስል የሆነ ምስል 40 ሳንቲሜትር ወርድ ባለው ወረቀት ላይ ቢታተም ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 25 ፒክስል ብቻ ነው። ደንበኛው «አጥርተህ አሳድግልኝ» ሲል፣ ተማሪው እምቢታውን በቁጥር ማስረዳት ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንዱ ልምምድ በሁለት ሶፍትዌሮች ይሠራ። ያው ፎቶግራፍ በጊምፕ ተመጥኖ፣ ሌላ ቀን ደግሞ በሌላ ፕሮግራም ይመጠን። ተማሪውም የትእዛዞቹ ስምና ቦታ ሲለዋወጥ ያልተለወጠው ምን እንደሆነ በራሱ ቃል ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ወደ አዲስ እትም ከመሸጋገሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ አሮጌው ሥራዬ በአዲሱ ይከፈታል ወይ? በእጄ የለመድሁት ምን ተለውጧል? ክፍያው ቢቋረጥ ሥራዬ በእጄ ይቀራል ወይ? አሮጌውንም እትም፣ አዲሱ በደንብ እስኪለመድ ድረስ፣ አያጥፋው።

ፈተናውም በዚሁ መንፈስ ይዘጋጅ። ተማሪውን ዓመት ሙሉ በለመደው ሶፍትዌር መፈተን የትዝታ ፈተና ነው። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሶፍትዌር ከፍተን፣ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ሰጥተን፣ የምንፈልገውን መጠን ነግረን ግማሽ ሰዓት እንስጠው። ቁልፉን ፈልጎ ቢያጣ ነጥቡን አንከልክለው፤ የሚፈልገው ምን እንደሆነ አውቆ መፈለጉን እንይለት። ኢስትሊም ይሁን አዲስ አበባ ወይም ደሴ፣ ፎቶ ቤት የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ነው።